ጎማ ላይ ቤት ከመሥራት በፊት

ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ልጅ ይዞ መኪና ውስጥ መኖር እብደት ነው ወይስ ብልህነት? ሰሞኑን በኛ ቤተሰብ ሌላ ወሬ የለም። ታናሽ እህቴና ባለቤቷ አንድ ያረጀ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ሊገዙ ቀብድ ከፍለዋል። ወንበሩን አስነቅለው፣ አልጋና ማድ ቤት አስገጥመው፣ ጣሪያው ላይ ሶላር ጭነው ከሁለት ልጆቻቸው ጋር ሊኖሩበት ነው። ለሽርሽር አይደለም፣ ለኑሮ ነው። ሐዋሳ ያለውን ቤታቸውን ደግሞ ለመሸጥ አስበዋል።

እህቴ ሐሳቧን እዚሁ ስትለጥፈው የመጣባትን አስተያየት ያያችሁ ታውቃላችሁ። ግማሹ «ልጆችሽን ጎዳና ልታወጪ ነው?» አላት። ግማሹ «ዋው! ፈረንጆቹ እኮ እንዲህ ነው የሚኖሩት፣ በርቱ!» አላት። ለኔ ሁለቱም አልተዋጠልኝም። እሷን አስፈቅጄ የራሴን ልበል።

ሐሳቤን ከወዲሁ ላስቀምጥ። ነገሩ እብደት አይደለም። ግን ሁሉም የሚያወራው ስለ መኪናው ነው፦ ሞተሩ፣ ሶላሩ፣ አልጋው። ልጅ ይዞ የሚንቀሳቀስ ሰው አስቀድሞ ማዘጋጀት ያለበት ባለበት የሚቆየውን ነገር ነው። አድራሻው፣ ትምህርቱ፣ የሚመለስበት ቤት፣ የሚያውቀው ሰው። እነዚህ ከተያዙ መኪናው ቀላል ነው። እነዚህ ካልተያዙ ግን የትኛውም ሶላር አያድንም።

መጀመሪያ ለምን እንዳሰቡት ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም የሚሰድባቸው ሰው ይሄን አያውቅም። የእህቴ ባለቤት መንገድ ሥራ ላይ ሰርቬየር ነው። መንገድ ሥራ ደግሞ ወደ ሰው አይመጣም፣ ሰው ነው የሚሄድለት። አንዱ ፕሮጀክት ሲያልቅ ሌላ ቦታ ይጀምራል። ልጆቹን የሚያያቸው በሁለት ወር አንዴ ነው፣ ያውም ለአራት አምስት ቀን። ባለፈው ሲመጣ የ4 ዓመቱ ልጅ ምን አለው መሰላችሁ? «አባዬ፣ መቼ ነው ወደ ቤትህ የምትሄደው?» ልጁ ክፉ አስቦ አይደለም። በሱ ሒሳብ አባቱ ሌላ ቦታ ቤት ያለው ሰው ነው፣ እየመጣ የሚጠይቃቸው። ከዚያ በኋላ ነው ይሄ የአውቶቡስ ነገር የመጣው።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ «ፈረንጅ ለመምሰል» የምትሉ ተሳስታችኋል። ይሄ ሰው ልጆቹ እንግዳ እንዳያደርጉት የፈራ አባት ነው። በዚህ ሀገር ስንት ሹፌር፣ ስንት ወታደር፣ ስንት የፕሮጀክት ሠራተኛ ይሄን ፍርሃት በሆዱ ይዞ እንደሚኖር አስቡት።

ደግሞስ «በኛ ባህል ሰው ከቤቱ አይወጣም» የሚለው ከየት የመጣ ነው? «ከተማ» የሚለውን ቃል ራሱን እዩት። ዛሬ ከተማ ስንል አስፋልትና ፎቅ ነው የሚታየን። ድሮ ግን ከተማ ማለት ንጉሡና ሠራዊቱ የሰፈሩበት ቦታ ነበር። ለዘመናት የኢትዮጵያ ነገሥታት ቋሚ መዲና አልነበራቸውም፣ ከነድንኳናቸው ነበር የሚዞሩት። ሴቱም ልጁም ቄሱም ነጋዴውም አብሮ ይጓዛል። በ1520 እ.ኤ.አ. የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የዐፄ ልብነ ድንግልን ሰፈር አይቶ በሰፊው ጽፎታል። ካስገረመው ነገር አንዱ የአሰፋፈሩ ሥርዓት ነው። ሰፈሩ የትም ቢተከል አቀማመጡ አይለወጥም ነበር። የንጉሡ ድንኳን የት እንደሚሆን፣ ቤተ ክርስቲያኑ የት እንደሚሆን፣ ገበያው የት እንደሚውል የታወቀ ነው። ሜዳው ተለወጠ እንጂ ጎረቤቱ አልተለወጠም። ነገሥታቱ ረጋ ብለው የተቀመጡት ፋሲለደስ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ጎንደርን ከመሠረተ በኋላ ነው።

ሩቅ ታሪክ ነው ካላችሁ፣ ዛሬም በቤቱ ተሸካሚነት የሚኖር ሕዝብ አለን። የአፋርን ቤት ያየ ያውቀዋል። የጎበጠ እንጨት ይተከላል፣ ከዘንባባ የተሠራ ሰሌን ይለብሳል። መንቀል፣ ማሰርና መትከል የሴቶቹ ሙያ ነው፣ ግመል ይሸከመዋል። ግን አፋር ዝም ብሎ ተነስቶ አይሄድም። መጀመሪያ የሚያውቁ ሰዎች ቀድመው ሄደው ሣሩን፣ ውሃውን፣ ሰላሙን አይተው ይመለሳሉ። በመንገድ ላይ የተገናኙ ሰዎች ደግሞ ቁጭ ብለው ወሬ ይለዋወጣሉ፣ ዳጉ የሚሉት ይሄ ነው። ዳጉ የሌለው ተጓዥ ዓይነ ስውር ነው።

ከኛ ከሐዋሳ በዲላ አድርጋችሁ በሞያሌ መንገድ ብትወርዱ ደግሞ ቦረናን ታገኛላችሁ። ቦረና ከብቱን ለሁለት ይከፍላል። የሚታለቡት ላሞች «ወራ» ይባላሉ፣ ከሕፃናቱ፣ ከእናቶችና ከሽማግሌዎች ጋር ሰፈር አካባቢ ይቀራሉ። ሌላው ከብት «ፎራ» ይባላል፣ ጎረምሶች ይዘውት ሩቅ ይሄዳሉ። እንግዲህ ልብ በሉ። መንቀሳቀስን ከማንም በላይ የሚያውቀው ሕዝብ ሕፃኑን በየሄደበት አያንጠለጥልም። የሚቀረው ይቀራል፣ የሚሄደው ይሄዳል።

ከነዚህ ሁሉ የተማርኩት ሦስት ነገር ነው። ብቻውን የሚሄድ ቤተሰብ የለም። ቀድሞ ያላየውን ቦታ የሚሄድበት የለም። ደግሞ ሁልጊዜ የማይለወጥ ነገር አለ፦ የድንኳኑ አቀማመጥ፣ ወይም ወራው፣ ወይም ዘመዱ። እህቴ በስልኳ የምታያቸው ቪዲዮዎች ላይ ግን የሚታየው አንድ መኪና፣ አንድ ቤተሰብና አንድ ጀምበር መጥለቂያ ነው።

ቪዲዮው የማያሳየውን ልንገራት። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ የሚኖር ቤተሰብ ከጀርባው ብዙ ነገር ይዟል። ልጅን ቤት ውስጥ ማስተማር በ50ውም ግዛቶች በሕግ የተፈቀደ ነው። እንደ ሳውዝ ዳኮታ ያሉ ግዛቶች ደግሞ ጎማ ላይ የሚኖርን ሰው በፖስታ አድራሻ ነዋሪ አድርገው ይመዘግባሉ። መኪናው የሚቆምበት ቦታ ውሃ፣ መብራትና የፍሳሽ ማስወገጃ አለው። ይሄም ሁሉ ኖሮ መኪና ውስጥ የገባው ሰው ሁሉ በምርጫው አይደለም የገባው። «ኖማድላንድ» የሚለውን ፊልም ያየ ሰው ይገባዋል፣ የቤት ኪራይ አቅቷቸው ጎማ ላይ የወጡ አዛውንቶችን ነው የሚያሳየው። ሌላ ማረፊያ አጥቶ መኪና ውስጥ የሚኖር ልጅማ በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ቤት አልባ ተብሎ ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ «ፈረንጆቹ እንዲህ ይኖራሉ» ስንል የትኞቹ እንደሆኑ እንለይ።

አሁን ወደ ራሳችን። እኔ ብሆን ከመኪናው በፊት የምጨርሰው ይሄን ነው።

አንደኛ፣ ትምህርት። ትልቋ ልጅ 11 ዓመቷ ነው፣ ዘንድሮ 6ኛ ክፍል ናት። 6ኛ ክፍል ደግሞ ክልላዊ ፈተና አለ። በዓመቱ መሐል ነቅሎ መውሰድ ማለት የዓመት ድካሟን ገደል መክተት ነው። ከዚያም በኋላ ቢሆን 7ኛን አልፋ 8ኛ ላይ ሌላ ፈተና ይጠብቃታል። ስለዚህ የቤተሰቡ የጉዞ ካላንደር መሆን ያለበት የፕሮጀክቱ ሳይሆን የልጅቷ ነው። ሌላም አለ። ሐዋሳ በአማርኛ የተማረች ልጅ ፕሮጀክቱ ቦረና ቢሆን እዚያ ትምህርቱ በአፋን ኦሮሞ ነው፣ በላቲን ፊደል። ወደ ሲዳማ ገጠር ቢሆን ሲዳሙ አፎ ነው። ቋንቋ መጨመር ሀብት ነው፣ እኔም እመኝላታለሁ። ግን ሒሳብና ሳይንስ በማታውቀው ቋንቋ በየዓመቱ እየቀያየሩ መማር ሌላ ነገር ነው። ከመሄዳችሁ በፊት በዚያ ከተማ በአማርኛ የሚያስተምር ትምህርት ቤት መኖሩን ሄዳችሁ በዓይናችሁ እዩ። መልቀቂያዋንና የውጤት ካርዷን በእጃችሁ ያዙ፣ ኮፒውን እናታችን ጋ አስቀምጡ።

ሁለተኛ፣ ወረቀት። በኛ ሀገር ሰው አድራሻው ቀበሌ ነው። የነዋሪነት መታወቂያ፣ የልጅ ልደት ምስክር ወረቀት፣ ብዙው ጉዳይ የሚጀምረው ከዚያ ነው። አውቶቡስ ቀበሌ የለውም። የማኅበረሰብ ጤና መድን ያላችሁ ሰዎችም አስታውሱ፣ ሕክምናው የሚጀምረው በተመዘገባችሁበት አካባቢ ጤና ጣቢያ ነው። ለዚህ ነው ቤቱን አትሽጡ የምለው። አከራዩት። ኪራዩ ለናፍጣ ይሆናችኋል፣ አድራሻችሁም ሐዋሳ ይቆያል። ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ ቀን ልጆቹ «በቃን» ቢሉ የሚመለሱበት በር ይኖራል። ዛሬ ቤት የሸጠ ሰው በሸጠበት ብር መልሶ ቤት እንደማይገዛ ለሐዋሳ ሰው መንገር አይጠበቅብኝም።

ሦስተኛ፣ ጤናና ደኅንነት። እዚህ ጋ ትንሽ ልዘርዝር፣ ቀላል የሚመስለው ነው ሰው የሚገድለው።

መኪና ውስጥ ከሰል አይገባም። ለቡናም፣ ለብርድም፣ ለምንም። የከሰል ጭስ ውስጥ ያለው መርዝ ሽታም ቀለምም የለውም፣ በተዘጋ ጠባብ ቤት ውስጥ ተኝቶ ያለን ቤተሰብ ሳይነቃ ይጨርሳል። ቡና ውጭ ይፈላል። ቡታ ጋዝም ቢሆን ሲሊንደሩ ከመኝታው ውጭ፣ በር ባለው ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ፣ ማታ ማታ ይዘጋ።

ውሃን አስሉት። በአደጋ ጊዜ ለተፈናቀሉ ሰዎች እንኳ የሚታሰበው ዝቅተኛው መጠን ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ነው። ለአራት ሰው 60 ሊትር፣ ሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማለት ነው፣ በየቀኑ። ማን ነው የሚቀዳው? አባትየው ሜዳ ላይ ነው የሚውለው። እንግዲህ መልሱን ታውቁታላችሁ። በያጁ ደግሞ ጣሪያ ላይ 500 ሊትር ሮቶ እንጫን ብሏል አሉ። ውሃ በሊትር 1 ኪሎ ነው፣ ይሄ 5 ኩንታል ማለት ነው፣ ያውም ከላይ፣ ያውም የሚዋልል። ኩርባ ላይ መኪናውን የሚጥለው ይሄ ነው። ከባድ ነገር ሁሉ ከታች፣ ከወለሉ አጠገብ ይሁን።

መኪናው ሲንቀሳቀስ ማንም አልጋ ላይ አይተኛም። በዓለም ላይ ከ5 እስከ 29 ዓመት ያለውን ሰው ከሁሉም በላይ የሚገድለው የመንገድ አደጋ እንደሆነ የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል። ወንበር ሁሉ ይነቀል ሲባል፣ ቢያንስ አራቱ ወደ ፊት የሚያዩ፣ ቀበቶ ያላቸው ወንበሮች እዚያው ይቅሩ። ማታ አይነዳ። ለውጡ ደግሞ በሊብሬው ላይ ይመዝገብ፣ አለበለዚያ ለቦሎ ስትሄዱም መንገድ ላይም መጨቃጨቅ ነው።

ወባ ከ2,000 ሜትር በታች ባለው ቆላና ወይናደጋ የትም አለ፣ ሐዋሳም አላት። አጎበር ለያንዳንዱ አልጋ። ሐይቅ ዳር ስትቆሙ ልጆቹ እየዘለሉ እንዳይገቡ፣ ቢልሃርዚያ አለ። የኛ ሐይቅ ደግሞ ጉማሬም አለበት። የክትባት ካርዳቸው ከፓስፖርት እኩል ይያዝ።

አራተኛ፣ ሴቶቹ። ይሄን ማንም ሲያነሳ አልሰማሁም። ትልቋን ልጅ ለብቻዋ ጠየቅኳት፣ «እንዴት ነው፣ ደስ ብሎሻል?» ብዬ። ዝም ብላ ቆይታ «አጎቴ፣ ልብስ የምቀይረው የት ነው?» አለችኝ። የአውቶቡሱን ንድፍ አይቼዋለሁ። የቡና ረከቦት ቦታ አለው፣ የቴሌቪዥን ቦታ አለው። የምትዘጋው በር የለውም። የ11 ዓመት ልጅ በቅርቡ ሴት ትሆናለች። የራሷ መጋረጃ ሳይሆን የራሷ በር ያስፈልጋታል። በሌሊት በባትሪ ርቃ የማትሄድበት ሽንት ቤትም ያስፈልጋታል። ይሄ ከሶላሩ በፊት ነው የሚመጣው።

እህቴም ራሷ አለች። እዚህ የልብስ ስፌት ሥራ አላት፣ ደንበኛ አላት፣ ሰንበት ሰንበት የምትጠጣው ቡና አላት። መኪናው ሲቆም እሱ ሥራ ይሄዳል፣ እሷ ናት ሙሉ ቀን ከልጆቹ ጋር እዚያች ጠባብ ቤት ውስጥ የምትውለው። እኩለ ቀን ላይ ልጁ ቢያተኩሰው ማን ነው መኪናውን የሚያስነሳው? እህቴ መንጃ ፈቃድ የላትም። ስለዚህ ከቀብዱ ቀጥሎ መከፈል የነበረበት ለሷ የመንጃ ትምህርት ነበር። ቤቷን መንዳት የማትችል ሴት ቤት አላት አልልም።

አሁን «ታዲያ እዚያው ከተማ ቤት ቢከራዩስ?» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፣ ይሄ ጥያቄ መልስ ይፈልጋል። ስንት አስተማሪና ፖሊስ ቤተሰቡን ይዞ በኪራይ ቤት ከከተማ ከተማ ይዞራል። እኔ ራሴ ደጋግሜ አስቤበታለሁ። አውቶቡሱ አንድ የሚበልጥበት ነገር አለ፦ ለልጅ አልጋው አይለወጥም። ዕቃ አይጫንም አይወርድም፣ አከራይ «በወሩ መጨረሻ ልቀቁ» አይልም። ልክ እንደዚያ የነገሥታቱ ሰፈር፣ ሜዳው ቢለወጥም ልጁ ሌሊት ነቅቶ እጁን ሲዘረጋ ግድግዳው ያው ግድግዳ ነው። ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

ግን መኪናው መንገድ ዳር ወይም ነዳጅ ማደያ ውስጥ መቆም የለበትም። የኔ ምክር እንዲህ ነው። ለፕሮጀክቱ በሚቀርበው ከተማ ውስጥ አጥር፣ ውሃና ሽንት ቤት ያለው ሰፋ ያለ ግቢ ተከራዩ፣ አውቶቡሱ እዚያ ይቁም። አከራይዋ እናት ይሁኑ፣ ልጆች ያላቸው ይሁኑ። በሳምንቱ ውስጥ ልጆቹ ጎረቤት ያገኛሉ፣ እህቴም ቡና የምትጠጣበት ታገኛለች። የሚንቀሳቀሰው አልጋ፣ የሚረጋው ግቢ። አባትየው ቀድሞ ሄዶ ይይ፣ መንገዱ ሰላም መሆኑን፣ ትምህርት ቤቱን፣ ጤና ጣቢያውን። አፋሮቹ የሚያደርጉትን ማለቴ ነው።

ደግሞ የሙከራ ጊዜ ይኑረው። ልጅቷ ሰኔ ላይ ፈተናዋን ትጨርስ። ክረምቱን እዚሁ ቅርብ ሞክሩት፣ ሐዋሳ ዙሪያ፣ ሁለት ሳምንት፣ ዝናቡ እየወረደ፣ ጭቃው እየተያዘ። በጋማ ሁሉም ቤት ቤት ነው፣ መኪና ቤት መሆኑ የሚፈተነው በሐምሌ ነው። ከዚያ አራታችሁም ተቀመጡና ተነጋገሩ፣ ልጆቹም ድምፅ ይኑራቸው። ከሄዳችሁ ደግሞ የመመለሻ ቀን ቁረጡ፦ አንድ ዓመት። ከዓመቱ በኋላ እንደገና ይወሰን። «ለዘላለም» የሚባል ዕቅድ ለልጅ አይገባውም፣ ለኔም አይገባኝም።

እህቴ፣ ይሄን ስታነቢ እንዳትከፊብኝ። ልጅ ከአባቱ ጋር ማደጉ ከግድግዳ ይበልጣል፣ በዚህ ካንቺ ጋር ነኝ። ለዚያ ለ4 ዓመቱ ልጅ አባቱ ቤቱ እዚሁ እንደሆነ ቢገባው እኔም አለቅሳለሁ ከደስታ። ግን ቀብድ የተከፈለው ለመኪናው ነው፣ ለልጅቷ ፈተና፣ ለበሯ፣ ላንቺ መንጃ ፈቃድ ገና ምንም አልተከፈለም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባል የለ? ባለ መኪናው እስከ ሰኔ ይታገሣችሁ እንደሆነ ጠይቁት። ካልታገሠ ቀብዱ ይቅር፣ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ሞልቷል። ቤቱን ግን እንዳትነኪው።

ለምትሳደቡ ደግሞ አንድ ነገር፦ አባት በስልክ ብቻ የሚያሳድገው ልጅ በየሰፈራችን ሞልቶ ማንም «ጎዳና» አላለውም።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? በተለይ ፕሮጀክት ላይ፣ ካምፕ ውስጥ ልጅ ያሳደጋችሁ፣ ወይም ካምፕ ያደጋችሁ ሰዎች ካላችሁ እባካችሁ ጻፉ። እህቴ ሁሉንም ታነባለች። ዳጉ እናድርገው።